ሾፌር እንጂ አምባሳደር የማያሻው ቅጠል

የሐረር ቡና ባሕር ማዶ ሲተዋወቅ ወግ አይጎድልበትም፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ፈንዲሻው ይረጫል፣ የወይን ቃና አለው የሚባልለት ቡና በሲኒ ይዞራል። ከሐረሩ ሐኪም ተራራ ማዶ ያለው ገበሬ ግን ጭብጨባው አልደረሰውም መሰል፣ ቡናውን እየነቀለ ጫት ይተክላል። ጫት አምባሳደር አልተሾመለትም፤ አወዳይ ገበያ ላይ እርጥቡን ታስሮ ሾፌሩ ነዳጅ ይረግጥለታል፣ ጅቡቲና ሐርጌሳ ይገባል።

‹‹ቡና እኮ ስሙ መከበር አለበት›› ይባላል። ተከብሯል፤ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተደረሰው በሐረር፣ በሲዳሞና በይርጋጨፌ ስም ነው። ‹‹ጫትን ብሪታንያ በ2006 ከልክላለች፣ ቡናን ማን ይከለክላል?›› ለሚልም መልሱ ቅርብ ነው፦ ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፣ ጫት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ የልጅ ደብተርም ዓመት አይጠብቅም። የሐኪም ተራራማ ሁሉንም ቀድሟል፤ ስሙ ሐኪም ስታውት በተባለው ቢራ ጠርሙስ ላይ እንደተለጠፈ፣ በ2003 ከነቢራ ፋብሪካው ለሄኒከን ተሸጧል።