ኳሷ አየር ላይ ቀረች

በእኛ ቤት የፊዚክስ ደብተር ሲገለጥ ሁሉም ሰው ሥራ ይበዛበታል። መሐንዲሱ ወንድሜ ስልክ ይደወልለታል፤ አክስቴ የዘነጋችው ጸሎት ይታወሳታል። ስለዚህ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጀውን የእህቴን ልጅ የማስጠናቱ ዕጣ እኔ ላይ ወደቀ።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ፎርሙላውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ታነበንበዋለች።

«ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ጫፍ ስትደርስ አክስለሬሽኗ ስንት ነው?»

«ዜሮ!» ጥያቄውን እንኳ አላስጨረሰችኝም።

«ለምን?»

«ቆማለቻ፣ ጋሼ!»

«ቬሎሲቲዋስ እሺ፣ ዜሮ ይሁን። አክስለሬሽኗም ዜሮ ከሆነ ግን ማን ያወርዳታል?»

ጣሪያውን አየችው። «እዚያው ትቀራለች?»

«ትቀራለች። የሰፈር ልጆች በድንጋይ ሊያወርዷት ሲሞክሩ ይመሻል።»

ሳቀችና ወዲያው ተናደደች። «ታዲያ 10 ነው በለኛ!»

10 ነው፣ ወደ ታች። የአየሩን ግጭት ከተውነው ስትወጣም፣ ለቅጽበት ስትቆምም፣ ስትወርድም ያው 10። (አዲስ አበባ ላይ በደንብ ቢለካ 9.77 ገደማ ነው። ካልኩሌተር ለሌለው ተፈታኝ 10 ተብሎ መሰጠቱ ምሕረት ነው።)

የ2014ቱ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህ፣ እኛ ቤት የታዘዘው መድኃኒት ዎርክሺት ነው። ጠዋት ዎርክሺት፣ ማታ ዎርክሺት። ልጅቷ ጥያቄ ስታይ ቁጥሮቹን ለቅማ የሚገጥማቸው ፎርሙላ ፍለጋ ትሮጣለች፤ ምን እየሆነ እንዳለ ለማየት ጊዜ የላትም።

ጥያቄ አውጪ ደግሞ ይህን ጠባይ አሳምሮ ያውቀዋል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ4 ሜትር በሰከንድ ቢቀንስ ስንት ሜትር ሄዶ ይቆማል? 72ን ወደ 20 ሜትር በሰከንድ የቀየረ 50 ሜትር ያገኛል። የረሳው 648 ያገኛል፤ ቾይዙን ሲያይ ደግሞ 648 እዚያው ቆሞ ይጠብቀዋል። እሱም ደስ ብሎት ያጠቁራል! እንደዚያ ባለ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ያለ ሰው የሚወርደው ሌላ ሰፈር ነው።

አንድ ጊዜማ በእግሩ የሚሄድ ሰው 40 ሜትር በሰከንድ ወጣላት። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንገሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ሲጨርስ አማካይ ፍጥነቱ 6.6 ሜትር በሰከንድ እንደነበር አሰላንላት። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ሕግ አለ፤ ከቀነኒሳ የፈጠነ እግረኛ ከተገኘ ስሌቱ ይደገማል። ከማስላት በፊት ደግሞ ሥዕል። መኪናዋን ትሥላለች፣ ኃይሎቹን በቀስት ታመለክታለች፣ መልሱ በግምት ስንት አካባቢ መሆን እንዳለበት ትነግረኛለች፤ ፎርሙላ የሚጠራው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ቀርፋፋ ነው፤ አልደብቅም።

እናቷ ትናንት ማታ ብቅ አለች። «ስንት ጥያቄ ሠራችሁ?»

«ሁለት» አልኩ።

«በሁለት ሰዓት ሁለት ጥያቄ?»

«እማዬ፣ ዩኒቱን አስተካክዪው» አለች ልጅቷ፣ ከደብተሯ ቀና ሳትል። «በሰዓት አንድ ነው።»