«ልጃችን ናት»

ሞያሌ አንድ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። አልጋ የያዙ አዛውንት አሉ፤ አንዲት ወጣት ታገላብጣቸዋለች፣ ታጥባቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። «ሠራተኛችሁ ናት?» ብዬ ብጠይቅ እመቤቲቱ ተቆጡ፦ «ኧረ ልጃችን ናት!»

ደመወዟስ? «ልጅ ከቤቷ ደመወዝ ትቆጥራለች?» የዕረፍት ቀንስ? «የት ልትሄድ?» ስለ ውርሱ አልጠየቅኩም፤ ቡናው ገና አቦል ነበር።

የእንዲህ ያለው «ልጅነት» ሥራ አስኪያጅ ደላላው ነው። ቢሮው ሻይ ቤት፣ ማኅተሙ ስልኩ። ከልጅቷም ከእመቤቲቱም ይቀበላል፤ ብርም ሺሊንግም አይጠላም። ሦስት ወር ሳይሞላ ለልጅቷ ይደውላል፦ «የተሻለ ቤት አለ።» ለእመቤቲቱም ይደውላል፦ «ልትሄድብዎት ነው፣ ሌላ ላምጣ?» እንዲህ ያለ አስተዳደር በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር ማንም ባዶ ወንበር ባላየ (የጠገበ ሠራተኛም አይኖርም፣ ያ ሌላ ነው)።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ከደጅ አቁሞ፣ የሥራ ሁኔታዋን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ይላል። የ1996ቱም አዋጅ እንዲሁ ብሎ ነበር። ደንቡ እስኪወጣ ለእሷ የተረፈው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ አልጋ ከያዙት አዛውንት ጋር እኩያ ሳይሆን አይቀርም።

በ2013 ኢትዮጵያና ኬንያ ሞያሌ ላይ የጋራ የድንበር ፍተሻ ጣቢያ አስመርቀዋል፤ የጭነት መኪና ወረቀት አንድ ቦታ ያልቃል። የልጅቷ ውል ግን ደላላው ስልክ ውስጥ ነው። ብትደውሉ መስመሩ ተይዟል።