የቦራ እፍኝ

በአንድ የደጋ አገር በሬዎች ለዝሆን ያርሱ ነበር። የአገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ በሬ በወር ከሚያገኘው 100 እፍኝ ገብስ 7ቱ ለሽምግልናው ይቀነሳል፤ ጌታው ከራሱ 11 ይጨምርበታል፤ 18ቱም ወደ መንግሥት ጎተራ ይገባል። ጥርሱ ሲያልቅና ቀንበር ሲከብደው በሬው ከዚያ ይጦራል።

ዝሆኑ 7ቱን እፍኝ መቀነስ አንድም ወር አልዘነጋም። ወደ ጎተራው ማድረሱን ግን ተወው። መጀመሪያ ዝናብ ዘገየና «በሚቀጥለው ወር» አለ። ከዚያ ዘር ገዛበት። ከዚያም የጅብን ወለድ ከፈለበት። እንዲህ ሲል ሦስት ክረምት አለፈ፤ በአራተኛው ከሰረ።

ጅብ የመያዣ ውሉን ይዞ በማለዳ ደረሰ። ማሳውም፣ ማረሻውም፣ በአውድማው የቀረው ገብስም የእኔ ነው አለ። በሬዎቹን የጠራቸው የለም።

ከሁሉ ያረጀው ቦራ ወደ መንግሥት ጎተራ አዘገመ። ቀንበር የበላው ጫንቃው ጠጉር ማብቀል ከተወ ቆይቷል። ጸሐፊዋ ጦጣ መዝገቡን ገለጠች፤ ከስሙ ትይዩ የሦስት ዓመቱ ቦታ ባዶ ነው።

«አባባ፣ የገባ የለም።»

«ከእኔ ላይ ተቀንሷል እኮ፣ ልጄ።»

«አምንዎታለሁ። መዝገቡ ግን የሚያውቀው የገባውን ነው።»

ነገሩ አንበሳ ችሎት ቀረበ። አንበሳ ሁለቱንም ሰምቶ ፈረደ፦ «ጅብ ሆይ፣ አንተ ወለድህን አስልተህ፣ መያዣ ይዘህ አበደርክ። ቦራ ግን ሳይጠየቅ አበዳሪ ሆነ። የሠራተኛ ገንዘብ ከሌላው ዕዳ ይቀድማል።»

የቀረው ገብስ ተሰፈረ። ለበሬዎቹ የአንዱን ዓመት ያህል እንኳ አልሞላም።

«ጌታዬ፣ ቅድሚያውን ሰጡኝ፤ አውድማው ግን ባዶ ነው» አለ ቦራ።

ይህን ጊዜ አገር ለአገር የዞረች ሽመላ ቃሏን ሰጠች። «በአሜሪካ፣ ሳውዝ ቤንድ በምትባል ከተማ፣ ስቱድቤከር የተባለ ኩባንያ የመኪና ፋብሪካውን በፈረንጆች 1963 ዘጋ። ጡረታ የወጡትና 60 ዓመት የሞላቸው ሙሉ ጡረታቸውን አገኙ። ከ40 እስከ 59 ዓመት የሆናቸው 4,000 ያህል ሠራተኞች ከሚገባቸው 15 በመቶ ያህሉን ብቻ አገኙ። ከዚያ በታች ያሉት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ1974 ሕግ ወጣና የመንግሥት ዋስትና ተቋም ቆመ። እንዲህ ያለ ጡረታ ያላቸው አሠሪዎች አረቦን ይከፍሉለታል፤ አንዱ ሲወድቅ ተቋሙ በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ለሠራተኞቹ ይከፍላል።»

አንበሳ ጥቂት አሰበና አዘዘ፦ ከየማሳው ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ የዋስትና ጎተራ ይሠራ። ጦጣም በመዝገቡ ላይ ሁለት ወር ባዶ ካየች ሦስተኛውን ሳትጠብቅ ጌታው ደጅ ትሂድ። ጌታው ሳይከስር የተጠየቀ እፍኝ ይገኛል፤ ከከሰረ በኋላ የተጠየቀው ግን ለክርክር ይተርፋል።

7ቱና 11ዱ በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መዋጮ ናቸው፤ በመቶ። የሠራተኛ የክፍያ ጥያቄ ከሌላ ዕዳ እንደሚቀድምም አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደንግጓል። የዋስትናው ጎተራ ግን ገና የተረት ነው። ደሞዝተኛ ወገኔ፣ የተቀነሰብህ መግባቱን ዛሬውኑ ጠይቅ። መዝገብ የያዛችሁም፣ ቦራ አዝግሞ ደጃችሁ እስኪደርስ አትጠብቁ።