በኔዘርላንድ የሐበሻ ብስክሌት አያያዝ፦ የመነሻ ጥናት

የኔዘርላንድ ሕዝብ 18 ሚሊዮን ገደማ ሲሆን ብስክሌቱ ግን ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። በዚህ ስሌት መሠረት አንድ ሐበሻ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ቆሞ ገና ሻንጣውን ሲጠብቅ፣ የእሱ ድርሻ የሆነው ብስክሌት የሆነ ድልድይ ላይ ታስሮ ይጠብቀዋል። ያልተወሰነ ነገር ቢኖር ከማን እጅ እንደሚገዛው ብቻ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሱቅ ገብቶ፣ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ መውጣት ነው፤ የሚጠና ነገር የለውም። ሁለተኛው፣ ማታ ላይ አንድ ችኩል ሰው ጠጋ ብሎ በማይታመን ዋጋ «ትፈልጋለህ?» የሚልበት ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛም በሕግ ስለሚጠየቅ፣ ጥናቱ ስለዚህኛው መንገድ ያለውን ዕውቀት በሙሉ ያገኘው ከሌላ ሰው ነው።

ከግዢው ቀጥሎ የቁልፍ ጉዳይ ይመጣል። አንዱ ከኋላ ጎማ ጋር ተገጥሞ የሚኖር ቀለበት ነው፤ ሌላው ብስክሌቱን ከብረት ጋር የሚያስር ወፍራም ሰንሰለት። ሰንሰለቱ ከአሮጌ ብስክሌት ሊወደድ ይችላል፣ አዲስ መጤም በዚህ ይስቃል። የፊት ጎማውን ብቻ አስሮ ያደረ ሰው ግን ጠዋት ሲመለስ የፊት ጎማውን፣ በሚገባ እንደታሰረ፣ ያገኘዋል። ከሌባ የተረፈውን ውኃ ይወስደዋል፤ ከአምስተርዳም ቦዮች በየዓመቱ ከ12 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብስክሌት በክሬን እየተለቀመ ይወጣል። እንዴት እንደገባ የሚናገር የለም። የአገሬው ሰው ሁሉንም ይረሳል ማለት ግን አይደለም። የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በ1942 ብስክሌቱን ወርሶበት ነበርና፣ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ኳስ ሜዳ ላይ ጀርመኖችን «ብስክሌቴን መልሱ» ይላቸው ነበር።

ወደ አነዳዱ ስንመጣ፣ የድሮው ዓይነት የሆላንድ ብስክሌት መሪው ላይ ፍሬን የለውም። የሚቆመው ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ነው። በሰፈር የኪራይ ሳይክል ያደገ ሰው እንደ ልማዱ እግሩን ለማሳረፍ ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዞራል፤ ብስክሌቱም እንደታዘዘው ቀጥ ይላል። ከኋላ ሁለት ልጅና የሳምንት አስቤዛ ጭና፣ በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛ የምትመጣ እናት ደወሏን ትደውላለች። ደወሉ ስድብ አይደለም። ስድቡ ከደወሉ በኋላ ይመጣል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ይህ ዕውቀቱ ሐበሻውን አይጠቅመውም።

ዋናው ግኝት የተገኘው ግን ስልክ ላይ ነው።

«ልጄ፣ መኪና ገዛህ?»

«ብስክሌት ገዛሁ እማዬ።»

«ውይ! ከሥራ አስወጡህ እንዴ?»

«ኧረ እዚህ ሁሉም ሰው በብስክሌት ነው የሚሄደው። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ማርክ ሩተ እንኳ ቢሮ የሚሄደው በብስክሌት ነበር።»

«እሱማ አገሩ ነው። ማን ይታዘበዋል?»

ለዚህ መከራከሪያ እስካሁን መልስ የሰጠ ምሁር የለም። ያው አንድ ብስክሌት ኔዘርላንድ ውስጥ «ለመደ» ያሰኛል፣ አገር ቤት ደግሞ «አልሆነለትም»። ስለዚህ ለቤተሰብ በሚላክ ፎቶ ላይ ብስክሌት እንዳይገባ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ የማን እንደሆነ ያልታወቀ መኪና ከጀርባ ቢታይ ግን አይከፋም።

የቀረው የማቆሚያ ነገር ነው። በዩትሬክት ባቡር ጣቢያ ያለው ማቆሚያ 12,500 ብስክሌት ይይዛል። በዓለም ትልቁ ነው ይባላል፤ ከብስክሌቶቹም ብዙዎቹ ጥቁር ናቸው። ሐበሻው ታዲያ የራሱን እንዲለይ ኮርቻው ሥር አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ክር ያስራል። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ዩትሬክት ውስጥ ሌላም ሐበሻ መኖሩ ነው። ክሩን አይቶ ከማይከፈት ቁልፍ ጋር ሲታገል የተገኘ ሰው፣ ከኋላው በአማርኛ «ወንድም፣ የኔ ነው» ሲባል ወዲያው ክርክር አይነሳም። አስቀድሞ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ መቼ መጣህ፣ ወረቀቱስ እንዴት ሆነ ይባባላሉ። የስርቆቱ ጉዳይ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።