የግራ እጅ ነፃነት

ጌታችን በተራራው ስብከት ቀኝ እጅ የምትሰጠውን ግራዪቱ እንዳታውቅ ባዘዘ ጊዜ፥ ይህች ምስኪን እጅ ምን በደል እንደ ተገኘባት ሳይነገራት ከምጽዋት ምሥጢር ተገልላ ሁለት ሺሕ ዓመት ያህል በጨለማ መኖሯን የምናስብ ሰዎች፥ በዘመናችን ደርሶ ነፃ ያወጣትን ድምፅ ማጉያ ሳናመሰግን ብናልፍ ውለታ ቢሶች እንባላለን። ዛሬ በጅግጅጋም ሆነ በአካባቢዋ ባሉት ከተሞች ንግሥ በዋለ ቁጥር፥ ቀኝ እጅ ገና ወደ ኪስ ሳትገባ፥ ግራዪቱ ቀርታ በቅጥሩ ጥግ የምትግጠው ፍየል እንኳ ስንት ብር እንደሚወጣ ሰምታ ታድራለች።

ሥርዓቱን ላላየ ሰው ጥቂት ማብራራት ይገባል። በኅዳር ሚካኤል፥ ታቦተ ሕጉ ወደ መንበሩ ተመልሶ፥ ወረቡም አብቅቶ፥ ሕዝቡ በነጠላው ተከናንቦ ከፀሐዩ ጋር ሲታገል፥ አንድ ድምፀ መረዋ ሰው ከዐውደ ምሕረቱ ላይ ይነሣና ጧት ከጉልት የተገዛችውን ሎሚ ከፍ አድርጎ እያሳየ ጨረታውን በ500 ብር ይከፍታል። ሎሚዋ ከመልአኩ በረከት ምን ያህል እንደ ተካፈለች የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠየቀው "ከዚህ በላይ የሚል ማነው?" ነው። በአዘቦት ቀን በአሥር ብር ልዩነት ደንበኛ ሲነጣጠቁ የሚውሉ ሁለት ባለሱቆች እዚህ ሲገናኙ በሺሕ እየዘለሉ ይፎካከራሉ፤ የተረታውም ዐይኑን ከሎሚዋ ሳይሆን እልል ከሚሉት ሴቶች ላይ ሳይነቅል ይቀመጣል። ረቺው ሎሚዋን ታቅፎ ከበሩ ሲወጣ ነዳያኑ እጃቸውን ቢዘረጉለት "እግዜር ይስጣችሁ" ብሎ ዕዳውን ለባለጸጋው አምላክ አስተላልፎ ያልፋል። አይፈረድበትም፤ በበሩ ላይ ማይክሮፎን አልተተከለም።

እልልታውም ያልተጻፈ ታሪፍ አለው። መቶ ብር የሰጠ "ይባርክዎ" ይባላል፤ ሺሕ የሰጠ ስሙ ከነአባቱ ይጠራል፤ ዐሥር ሺሕ የሰጠ ከነክርስትና ስሙና ከነሱቁ አድራሻ ይነገርለታል፤ መቶ ሺሕ ቃል የገባው ግን ካባ ተደርቦለት ከካህናቱ ጎን ይቆማል። ያች መበለት፥ አይሁድ በመጽሐፋቸው እንደሚተርኩት አፋቸው መለከት ከሚመስል ከ13ቱ የቤተ መቅደስ ሙዳየ ምጽዋት በአንዱ ሁለት ናስ የጣለችው፥ ተሳስታ ወደዚህ ቅጥር ብትገባ የሚደርሳት ክብር "ስማቸው ያልተጠቀሰ ምእመናንም ዝርዝራቸውን እያዋጡ ነው" መባል ነበር።

ደግሞ ቃል የገባው ሁሉ ይከፍላል ማለት አይደለም። ሐናንያና ሰጲራ መሬታቸውን ሸጠው ከዋጋው ጥቂት ቢሸሽጉ በሐዋርያት እግር ሥር ወድቀው መሞታቸው፥ ዘመኑን አለማወቅ ካመጣው መከራ በቀር ሌላ ስም የለውም። በእኛ ዘመን ቢሆኑ መቶ ሺሕ ቃል ገብተው ሃያውን ሲከፍሉ፥ ሰማንያው "በሒደት ላይ" ተብሎ በመዝገብ ሰፍሮ፥ ባልና ሚስቱ በቀጣዩ ንግሥ ከፊት ወንበር ይቀመጡ ነበር።

የድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ ደጃፋችን ስለ ሆነች ስእለታችንም የአገሩን ጠባይ ይዟል። በኅዳር 12 እስራኤልን መርቶ ባሕር ያሻገረበት ተአምር የሚታሰብለት ሊቀ መላእክት፥ አሁን ቦንዳና ሞባይል ኬላ እንዲያሻግር ይለመናል፤ ዕቃው በሰላም ከገባ ባለጥለት ዣንጥላ ይገባለታል። ፈታሾች ነቅተው ዕቃው ቢወረስ ግን ዣንጥላው ይቀራል። ይህም በንግድ ሥርዓት ትክክል ነው፤ ላልተፈጸመ ሥራ ኮሚሽን አይከፈልምና።

ቤተ ክርስቲያን መለመኗን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ ሲወረስ፥ በዚያው ዓመት ሐምሌም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲከተል፥ ካህኑ ይተዳደርበት የነበረው የሰሞን መሬትና ደብሩ ይሰበስበው የነበረው ኪራይ ባንድ ዓመት ውስጥ ጠፍቶ፥ ቀዳሹም አወዳሹም በምእመናን እጅ ላይ ወደቀ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ ቃለ ዓዋዲ ያቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ያን ሸክም ሲሸከም ኖሯል፤ ዲያቆን መብላት፥ የሚያፈስ ጣራም መታደስ አለበት። የሚያስገርመው የልመናው መኖር ሳይሆን፥ ዋጋውን በሰማይ እንዲጠብቅ የተነገረው ሰጪ እዚያው በቆመበት በእልልታ ተከፍሎት፥ ሒሳቡ ተዘግቶ፥ ደግሞ ሁለተኛ ክፍያ ከሰማይ ሲጠብቅ መገኘቱ ነው።

ጎረቤቶቻችን በዚህ ረገድ እኛ ከደረስንበት አልደረሱም። ሙስሊሙ ባለሱቅ ዘካውን ከአርባ አንድ አስልቶ ለሚገባው ድኻ ያደርሳል፤ ሶማሌው ዘመድ ታሞበት ወይም ከብቱ አልቆበት ሲቸገር "ቃራን" ይባልና የጎሳው ሰው እንደ አቅሙ ያዋጣል፤ ነገሩም ሎሚ ሳይሸጥ ያልቃል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም፥ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ የሚጠራለት፥ ክርስቶስ በድኻው ሥጋ እየተራበ ማዕዱን በወርቅ ጽዋ ማስጌጥ ምን ይረባል ብሎ ያስተማረ፥ በጠባዩ ለዚህ ሥልጣኔ የማይመች ሰው ነበር፤ ንግሥት አውዶክስያ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ የብር ሐውልቷን ስታስተክል ዝም ብሎ ቢባርክላት ኖሮ ባልተሰደደና በስደት መንገድ ባልሞተ ነበር።

በከተማችንም ይህን ሁሉ ደንብ የጣሰ ነገር አንድ ጊዜ ተፈጽሟል። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ሁከት ተነሥቶ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፥ ካህናትም ሲገደሉ፥ ቤቱና ሱቁ የተዘረፈበት ሕዝብ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተጠልሎ ሰነበተ። ያን ጊዜ አንዱን እንጀራ ለአምስት የቆረሰችው እናት የክርስትና ስሟን አላስመዘገበችም፤ ጎረቤቱን በጓዳው የሸሸገው ሶማሌም፥ በሩ ቢሰበር ራሱ እንደሚጠፋ እያወቀ፥ ደረሰኝ ይቆረጥልኝ አላለም። ጨረታ አልተከፈተም፤ ካባ የተደረበለትም የለም። ከአስተዳደር አንጻር ሲታይ ይህ ከባድ የመዝገብ አያያዝ ጉድለት ነው።

ስለዚህም የለጋሾቹ የእብነ በረድ ሰሌዳ ሲዘጋጅ እነዚህን ሰዎች ማካተት አልተቻለም፤ ስማቸውም የገንዘባቸውም ልክ አልታወቀምና። በቃል ኪዳን ደረጃ ያሉት የሐናንያ ወንድሞች ግን ከነሙሉ መቶ ሺሓቸው በወርቅ ቀለም ተጽፈዋል። በሰሌዳው ግርጌ ጥቂት መሥመር ስለ ተረፈ፥ ለሚመጣው ኅዳር ምረቃ ስሙ እንዲደርስለት የሚወድ ሁሉ ከወዲሁ ቀርቦ ይመዝገብ፤ ክፍያው በሒደት ቢሆንም ይቻላል።