ዙሪያ ጥምጥም መነጽር፣ ዙሪያ ጥምጥም ወሬ

እንጦጦ መንገድ ዳር ቆሞ በሯጭ የሚስቅ ሰው አለ። ታውቁታላችሁ። ገና በጠዋቱ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ዓይንና ጆሮ ግንዷን ከብቦ የሚይዝ የሯጭ መነጽር ያደረገች ልጅ ስታልፍ «ምን ተጠቅልላ ነው!» ይላል። ስሙልኝ እንግዲህ! ማን ተጠቅልሎ ማንን ይተርባል? ገላ በጋቢ ሲጠቀለል ባህል፣ ወገብ በመቀነት ሲታሰር ወግ፣ ራስ በሻሽ ሲጠመጠም ማዕረግ፤ ዓይን ሲጠቀለል ብቻ ጉድ! እዚሁ ተራራ ላይ ቤተ መንግሥት የሠሩት አፄ ምኒልክ ሻሽ ጠምጥመው አገር መሩ። አንተ ጋቢ ተጠቅልለህ የምትመራው ወሬ ብቻ ነው።

«አበበ ቢቂላ በመነጽር ነው እንዴ ያሸነፈው?» አለ ደግሞ። ወንድሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የሮም ማራቶን ያለቀው በምሽት ነው። መንገዱን ያበራው ወታደሮች የያዙት ችቦ ነው። በጨለማ ጥቁር መነጽር አድርጎ ምን ሊያይ? «ቢሆንም በባዶ እግሩ ነው!» አዎ፣ በ2:15:16 ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ በ2:12:11 ገባ። ጀግናው ራሱ ጫማ ካልናቀ አንተ በማን እግር ቆመህ ነው መነጽር የምትንቀው? እሱ ሦስት ደቂቃ ቀነሰ፤ አንተ የምትቀንሰው የሰው ሞራል ነው።

«ዝንብ ያስመስላል!» ዝንብ ዙሪያዋን ስለምታይ አይደል እስከ ዛሬ በመዳፍህ ያልያዝካት?

«ተራው መነጽር ምን አነሰው?» ጎን አነሰው! ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት የሚባለው ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሂሳቡን ራስህ ሥራው። ጨረር እንዳንተ ነው፤ ፊት ለፊት መጋፈጥ ሲያቅተው በጎን ይገባል። በጎን የገባው ጨረር ታጥፎ የሚሰበሰበው በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጠርዝ ነው። ነጩ ላይ ሥጋ የሚበቅለውም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ዙሪያ ጥምጥሙ መነጽር ይህን በር ይዘጋል። ያንተን አፍ የሚዘጋ ቢሠሩልንማ ተሰልፈን በገዛን!

እስቲ ልጅቷን ጠጋ ብለህ እያት። ላቧ በአፍንጫዋ ይንቆረቆራል፣ መነጽሯ ግን ንቅንቅ አይልም። የአፍንጫው ጎማ ላብ ሲነካው ጭራሽ ይይዛል። ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱና አቧራው ዓይኗ አይደርስም፣ ስለዚህ ኮረቷን አይታ ትዘላለች። አንተ ያለ ሩጫ፣ ጫማህን ለማሰር ጎንበስ ብትል መነጽርህን ከመሬት ትለቅማለህ።

«ያ አቶ ቦልደን ሲድኒ ላይ አናቱን ተሻግሮ የሚሄድ መነጽር አድርጎ ምን ፈየደ?» የትሪኒዳዱ ሯጭ ከዚያ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ብር፣ በ200 ሜትር ነሐስ ይዞ ሄደ። እሱን ዓለም ሁሉ አቶ ይለዋል። አንተን አቶ የሚልህ የመብራት ቢል ብቻ ነው።

«እሺ፣ እኔም ከመገናኛ ገዛሁ!» ጎሽ! ግን መስታወቱ ላይ የተለጠፈችው «ዩቪ 400» የምትል ወረቀት በጥፍር ትላጣለች፤ ቃሏም አብሯት እንዳይላጥ ፍራ። ጥቁር ሆኖ ጨረር የማያግድ መስታወት ከባዶ ዓይን ይብሳል። ጨለማ የመሰለው ብሌንህ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ጨረሩም ሰተት ብሎ ይገባል። መነጽር ቤት ወስደህ አስለካው። ቻይናዊ ነው ፈረንጅ ነው ብለህ ዘር ከምትቆጥር፣ ማገዱን ጠይቅ።

የኔ ጌታ፣ ማታ ማታስ? ያ በሯጭ ሲስቅ የዋለ ሰው፣ ማታ ገንዘብ ከፍሎ የቪአር መነጽር ፊቱ ላይ ያስራል። ግንባር የለ፣ ጉንጭ የለ፣ ሁሉም ጥቅልል! ወንበር ይዞ በሌለ ተራራ ላይ ይወጣል። እጁን ያወናጭፋል፣ ያልባል፣ «ገደል ገባሁ!» ብሎ ይጮኻል። እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ በነፃ ከጀርባው ቆሟል! አፕል እንዲህ ያለውን እ.ኤ.አ. በ2024 በ3,499 ዶላር ለገበያ አቀረበው። የልጅቷ መነጽር ዙሪያውን ይዘጋና ተራራውን ያሳያታል፤ ያንተው ዙሪያውን ይዘጋና ተራራውን ይደብቅሃል። እናንተ ፍረዱ፣ ማነው የተጠቀለለው?

ካላመንክ ቅዳሜ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ጋ እንገናኝ። ጋቢህን ለጥበቃው እንሰጥልሃለን። መነጽሩን እኔ አውስሃለሁ። ሳንባውን ግን ከማን ልትዋስ ነው?