አዋጅ ቁጥር 8+8፦ ከሁለት መካከለኛ ስልኮች አንዱን ስለ መምረጥና ስለ ብድር ጊጋ ባይት የወጣ አዋጅ

መግቢያ

መካከለኛ ስልክ፣ ማለትም ከርካሹ ተወድዶ ከውዱ ረክሶ የደመወዝተኛውን የወራት ቁጠባ በአንድ ደረሰኝ የሚወስደው የስልክ ዓይነት፣ በስም ብዛት እንጂ በግብር ከአጠገቡ ካለው ወንድሙ የማይለይበት ዘመን ላይ የተደረሰ በመሆኑ፤

በመርካቶ፣ በመገናኛና በቦሌ ሱቆች መስታወት ሥር ጎን ለጎን የሚተኙ ሁለት ስልኮች አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር፣ አንድ ዓይነት ባትሪና የአንድ ዓይነት ካሜራ ቁጥር ይዘው ሳለ፣ የአንደኛው ካርቶን “8 ጊጋ ራም”፣ የሁለተኛው ካርቶን “16 ጊጋ ራም” ስለሚል ብቻ በዋጋ ተራርቀው የሚሸጡ መሆኑ ስለ ታወቀ፤

ከ16 በስተቀኝ ከጤፍ ፍሬ የምታንስ ኮከብ መኖሯ፣ ኮከቢቱም ከካርቶኑ ግርጌ በባሰ ደቃቅ ፊደል ወደ ተጻፈው “8+8” ወደሚለው ኑዛዜ የምትመራ መሆኗ በብዙ ድካም ስለ ተደረሰበት፤

ሕግ የማውጣት ሥልጣን ፈጽሞ ያልተሰጠው ሸማች፣ ማንም ሊሽርበት በማይችለው የመበሳጨት ሥልጣኑ መሠረት የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የስምንት ሲደመር ስምንት አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ ድምሩ ስምንት ነው።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1/ “ራም” ማለት ስልኩ በዚያች ቅጽበት የሚሠራባቸውን መተግበሪያዎች ዘርግቶ የሚይዝበት፣ እጅግ ፈጣን የሆነና ኃይል ሲቋረጥ የያዘውን ሁሉ የሚረሳ ክፍል ነው።

2/ “ማከማቻ” ማለት ሻጮች ሚሞሪ የሚሉት፣ ፎቶ፣ ቪዲዮና ከቴሌግራም የወረደ ፋይል ሁሉ የሚቀመጥበት፣ ስልኩ ቢዘጋም የማይረሳ፣ ነገር ግን ከራም ጋር ሲተያይ እጅግ ዘገምተኛ የሆነ ክፍል ነው።

3/ “የተስፋፋ ራም” ማለት ሳምሰንግ ራም ፕላስ፣ ቴክኖ ሜም ፊውዥን፣ ሌሎችም በየራሳቸው ስም የሚጠሩት አሠራር ሲሆን፣ ራም ሲጠብብ ለጊዜው የማይፈለገውን ሥራ አውጥቶ በማከማቻው ውስጥ በተከለለ ቦታ ማስቀመጥን ያመለክታል፤ ይኸውም የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስዋፕ እያሉ ስማርት ስልክ ከመፈጠሩ አሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ ነው።

4/ “የመጀመሪያው ስልክ” ማለት ካርቶኑ 8 የሚለው፣ “ሁለተኛው ስልክ” ማለት ደግሞ ካርቶኑ 16 የሚለው ስልክ ነው፤ የሁለቱም ማከማቻ 256 ጊጋ ባይት ነው።

5/ በወንድ ፆታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል፤ በ16 የተገለጸው ግን 16ን አይጨምርም።

አንቀጽ 3. ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ካሜራና ስለ ባትሪ

ሁለቱም ስልኮች የሚሠሩት ሚዲያቴክ በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ በ6 ናኖ ሜትር ቴክኖሎጂ በተመረተውና ሁለት ብርቱና ስድስት ቆጣቢ ኮር ባለው ሂሊዮ ጂ99 ነው። የሁለቱም ዋና ካሜራ 50 ሜጋ ፒክስል ይባላል፤ በተለመደው አነሣሥ አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረገ የሚያወጣው ፎቶ ግን 12.5 ሜጋ ፒክስል ነው። የሁለቱም ባትሪ 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። በዚህ አንቀጽ ላይ የሚጨመር የለም።

አንቀጽ 4. ስለ ቀለም

ጥቁሩ ይገዛል።

አንቀጽ 5. መደመር ስለ መከልከሉ

1/ ማናቸውም አምራች፣ አስመጪ ወይም ሻጭ ማከማቻን ከራም ጋር ደምሮ ድምሩን “ራም” ብሎ መሸጥ አይችልም።

2/ በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ክልከላ ያስፈለገው የሁለቱ ክፍሎች ፍጥነት ለድምር የማይመች በመሆኑ ነው። ከሂሊዮ ጂ99 ጋር የሚሠራው ራም በሰከንድ እስከ 17 ጊጋ ባይት ገደማ ሊያመላልስ ሲችል፣ የደኅናው ስልክ ማከማቻ የሆነው ዩኤፍኤስ 2.2 በሚገባ ሲሮጥ 1 ጊጋ ባይት ገደማ ያደርሳል፤ በርካሾቹ ስልኮች ውስጥ የሚገኘው ኢኤምኤምሲ 5.1 ደግሞ የመንገዱ ስፋት ራሱ ከ400 ሜጋ ባይት አያሳልፈውም። የተጠየቀውን ለማምጣት የሚፈጀው ጊዜ ሲታይ ልዩነቱ ከዚህም ይብሳል፤ ራም በናኖ ሰከንድ የሚቆጠር መልስ ሲሰጥ ማከማቻው በማይክሮ ሰከንድ ይመልሳል፣ አንዱ ማይክሮ ሰከንድ ደግሞ አንድ ሺህ ናኖ ሰከንድ ነው። አድራሻቸው አንድ ካርቶን በመሆኑ ብቻ እነዚህን ሁለቱን መደመር በየትኛውም የሒሳብ መጽሐፍ አልተፈቀደም።

3/ የተስፋፋው 8 ጊጋ ባይት ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ከ256ቱ ላይ ተቆርጦ የሚወሰድ በመሆኑ፣ አሠራሩ በተከፈተ ጊዜ ለገዢው የሚቀረው ማከማቻ 248 ነው። ካርቶኑ ግን 256ንም 16ንም በአንድ ፊት ላይ በእኩል ግዝፈት ስለሚያውጅ፣ ያው አንድ 8 ጊጋ ባይት መጀመሪያ በማከማቻነት፣ ቀጥሎ በራምነት ለአንድ ገዢ ሁለት ጊዜ ይሸጣል። አንድን ቦታ ለሁለት ሰው የሸጠ ደላላ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ የሸጠ ግን ማስታወቂያ ይሠራለታል።

4/ በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ ሻጩ የገዢውን ክፍያ በዚያው የሒሳብ ስልት ለመቀበል በጽሑፍ የተስማማ እንደ ሆነ መደመር ይፈቀድለታል። ለዚህ ልዩ ፈቃድ አፈጻጸም፦

ሀ) የስልኩ ዋጋ 30,000 ብር ቢሆን ገዢው 15,000 ብር በእጁ ቆጥሮ ይሰጣል፤ ቀሪው 15,000 “የተስፋፋ ብር” ሆኖ ይመዘገባል፤

ለ) “የተስፋፋ ብር” ማለት በገዢው ቤት ለኪራይ፣ ለልጅ ትምህርት ቤትና ለእድር የተቀመጠ፣ ከዚያ ንቅንቅ የማይል፣ ነገር ግን ሻጩ በተቸገረ ጊዜ እንዳለ እያሰበ ሊጽናናበት የሚችል ብር ነው፤

ሐ) ገዢው ክፍያውን ሲናገር “30,000” የሚለውን ጮክ ብሎ፣ “15+15” የሚለውን ደግሞ ወደ ግድግዳው ዞሮ የመናገር መብት አለው፤

መ) በተስፋፋው ብር ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በተስፋፋ ብር ይከፈላል፤

ሠ) ክፍያው በቴሌብር የተፈጸመ እንደ ሆነ ለሻጩ የሚደርሰው መልእክት “እስከ 30,000 ብር ተልኮልዎታል” የሚል ይሆናል፤ “እስከ” የምትለዋን ቃል ሻጩ በካርቶኑ ላይ ያያት ስለሆነች አላየኋትም ማለት አይችልም፤

ረ) ሻጩ “ቀሪው ብር የታል?” ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ገዢው “ሴቲንግ ውስጥ አለ፣ ሲያስፈልግ ይጨምራል” ብሎ ይመልሳል፤ ይህም የመጨረሻና ይግባኝ የሌለው መልስ ነው፤

ሰ) ከፊደል ተራ ረ የተነሣ የሚፈጠር ጠብ ቢኖር ለፖሊስ ከመነገሩ በፊት ሁለቱም ወገኖች ስልካቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ ይደረጋል፤

ሸ) ከመስታወቱ ጀርባ የቆመው ወጣት ሻጭ ከፊደል ተራ ሀ እስከ ሰ ከተደነገገው ሁሉ ነፃ ነው፤ ካርቶኑን ያሳተመው እርሱ አይደለም፣ ብዙውን ጊዜ ኑሮው በሸጠው ልክ የሚታሰብለት ነው፣ ምናልባትም ያንኑ 16 ራሱ ከደመወዙ ላይ አስቆርጦ ገዝቶታል። ልዩ ፈቃዱን በሙላት የሚጠቀሙት ቁጥሩን የመረጡትና ዋጋውን የተመኑት ናቸው፤ እነርሱ ግን ከመስታወቱ ጀርባ ቆመው አያውቁም።

5/ የዚህን አንቀጽ መንፈስ ለሚተረጉሙ ዳኞች መረጃ ይሆን ዘንድ ለአዋጁ መነሻ የሆነው ክርክር እንደሚከተለው በመዝገብ ሰፍሯል። በመገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ገዢ ሁለተኛውን ስልክ ከፍቶ “16 ከሆነ እዚህ ላይ ለምን 8 ሲደመር 8 ይላል?” ብሎ ጠየቀ፤ “ሲያስፈልገው ይጨምራል፣ ወንድሜ” ተባለ። “የመጀመሪያውስ አይጨምርም?” አለ፤ “እሱም ይጨምራል፣ ሴቲንግ ላይ አለው” ተባለ። “እንግዲያው ይህኛው ለምን ተወደደ?” ሲል የተሰጠው መልስ “ይሄ እኮ 16 ነው” የሚል ነበር። ክርክሩ ከዚህ ወዲያ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ሲዞር ውሎ ሱቁ ሲዘጋ ተቋርጧል።

6/ ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት ነገር አለ፤ የተስፋፋ ራም ዋጋ ቢስ አይደለም። ከጀርባ የተኛን መተግበሪያ ጨርሶ ከመግደል ወደ ማከማቻ ማውጣት ይሻላል፣ በተለይ ራማቸው 3 ወይም 4 በሆነ ስልኮች ላይ ጥቂት እፎይታ ይሰጣል፣ የፈለገ ያበራዋል፣ ያልፈለገ ያጠፋዋል። ካርቶኑ “8 ጊጋ ራም፣ በስዋፕም የሚረዳ” ቢል ይህ አዋጅ ባላስፈለገ ነበር።

7/ ንዑስ አንቀጽ 6 ቢኖርም፣ ገንዘቡን የላከችው በሪያድ ወይም በቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ እህት ስትሆን፣ ወንድሟም በእርሷ ላብ ሲገዛ የሚያየው አንድ ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ያችም ቁጥር 16 ስትሆን፣ የሚፈቀድ መደመር የለም፤ ልዩ ፈቃድ የለም፤ ኮከብ የለም። ልጁ ራም ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም፤ የሚያውቀው 16 ከ8 እንደሚበልጥ ነው፣ ይህንንም ያወቀው አንደኛ ክፍል ነው። ካርቶኑን ያሳተሙት ሰዎች የቆጠሩት በዚህችው የአንደኛ ክፍል ዕውቀቱ ላይ ነው። ምን ዓይነት ድፍረት ነው! መሐንዲስ ቀጥሮ፣ የገበያ ባለሙያ ቀጥሮ፣ ሕግ አዋቂ ቀጥሮ የኮከቧን ልክ በሚሊ ሜትር እያስለኩ ከሠራተኛ ልጅ ላይ ብር መልቀም! ሰነፍ ሌባ እንኳ ማታ ይሰርቃል፣ ቀን ቆሞ ደረሰኝ አይቆርጥም።

8/ በንዑስ አንቀጽ 7 የተነገሩት ቃላት ከሕግ ቋንቋ ውጭ መሆናቸው ታውቋል፤ አይታረሙም።

አንቀጽ 6. ከሌሎች ሕጎች ጋር ስላለው ግንኙነት

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ አሳሳች ማስታወቂያም የተከለከለ መሆኑን አስቀድሞ ደንግጓል፤ ይህም አዋጅ የፌዝ አይደለም። ጉድለት ያለበት ዕቃ የሚለወጥበትን ወይም ገንዘብ የሚመለስበትን መንገድም አስቀምጧል፤ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚለው የግድግዳ ጽሑፍ ይህን መብት አይሽረውም። የፌዙ አዋጅ ያስፈለገው የእውነተኛው አዋጅ ገጾች መስታወቱ ሥር ስለማይታዩ ብቻ ነው።

አንቀጽ 7. ቅጣት

ኮከብ ያሳነሰ ሰው በታክሲ ማቆሚያ ቆሞ፣ ረዳቱ “መገናኛ! መገናኛ!” በሚልበት ድምፅ የግርጌውን ጽሑፍ ሰልፉ እስኪያልቅ ያነብባል።

አንቀጽ 8. ስለ ምርጫው

1/ ከሁለቱ የሚገዛው የመጀመሪያው ስልክ ነው፤ ራሙ 8 ነው፣ ካርቶኑም 8 ይላል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው።

2/ ሁለቱን በእውነት ሊለይ ይችል የነበረው ነገር አምራቹ ለስንት ዓመት የደኅንነትና የአንድሮይድ ማሻሻያ እንደሚልክ ነበር፤ ይህ ስልኩ ከሦስት ዓመት በኋላ የባንክ መተግበሪያ ያለ ሥጋት የሚከፈትበት መሆን አለመሆኑን ስለሚነካ ከየትኛውም ጊጋ ባይት ይበልጣል። ሳምሰንግ በ2024 እ.ኤ.አ. ለጋላክሲ ኤ16 የስድስት ዓመት ማሻሻያ ቃል ሲገባ ነገሩ በመካከለኛና ከዚያም በታች ባለ ዋጋ እንደሚቻል ታይቷል። ከሁለቱ ካርቶኖች በአንዱም ላይ ግን የዓመት ቁጥር አልተጻፈም፤ በኮከብም እንኳ።

አንቀጽ 9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ አይወጣም። የሚጸናው አንባቢው ስልክ ሊገዛ በቆመበት መስታወት ፊት፣ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ስልኩን አስከፍቶ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የራም ማስፋፊያውን አጥፍቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ ካበራ በኋላ “ስለ ስልኩ” በሚለው ሥር የቀረውን ቁጥር ካነበበበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ዋጋው በዚያ ቁጥር ላይ ይነገር፤ ሻጩ “አይከፈትም፣ ካርቶኑ ይበላሻል” ካለ ሌላ ሱቅ ይኬድ።